አንድ ሜትር ከሃያ

ጥቅምት 4

ቢሮ። ቀኑን ሙሉ ንብ ስስል ዋልኩ። የቁጠባ ባንኩ ቦርድ፣ ከዋናው በር በላይ በድንጋይ የሚቀረጸው ቀፎ ስንት ንብ ይኑረው ብሎ ሦስት ሰዓት ተሰብስቧል አሉ። አንዱ ሰባት ይላል፣ አንዱ ዘጠኝ። ሊቀመንበሩ ደግሞ "ንቦቹ ሲገቡ እንጂ ሲወጡ አይታዩ" ብሏል። ገንዘቡን ሊያወጣ የመጣ ሰው እንዳይበረታታ ይሆናል። ዘጠኝ ንብ ሳልኩ፤ ዘጠኙም ጀርባቸውን ሰጥተው። ዝንብ ነው የሚመስሉት። ለማን ይነገራል?

ከሰዓት አርክቴክቱ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። ፕላኑ ላይ ማለቴ ነው። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፤ እኔ የሳልኩትን እሱ ይቀመጥበታል፣ ከዚያ ስሙን ይጽፍበታል። "ዋናው ግንበኛ ተመረጠ" አለኝ። ማን? ሲነግረኝ የእርሳሴ ጫፍ ተሰበረ።

የእህቴ ባል።

ከተማው በግንበኛ ተሞልቶ!

ጥቅምት 9

መሠረቱ ወደሚቆፈርበት ሄድኩ። የእህቴ ባል እዚያው ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ቱንቢ ነው የሚለው። ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚታይበት፣ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ክር አለ አይደል? እሱን ማለታቸው ነው። አልተሳሳቱም። ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ዝም ይላል፣ ከእሱ በቀር ሁሉም ሰው ጠማማ ነው።

የግንባታ ቦታው ሽማግሌ ዘበኛ በመካከላችን ቆመ። ቱንቢ ከእኔ ሦስት እርምጃ ይርቃል።

"ጉድጓዱ ሃያ ሳንቲ ይቀረዋል በልልኝ" አልኩት ዘበኛውን።

ዞረ። "ሃያ ሳንቲ ይቀረዋል ይላሉ።"

"ሰምቻለሁ በለው።"

ዞረ። "ሰምቻለሁ ይላሉ።"

"እኔም ሰምቻለሁ!"

ዘበኛው አንገቱን እያሸ ሄደ። ሕንፃው እስኪያልቅ በዚህ አንገት እንዴት ይዘለቃል?

ጥቅምት 14

እሑድ። ከእህቴና ከባሏ ጋር የምትኖረውን እማዬን ለማየት ሄድኩ። እኔ በፊት ለፊት በር ስገባ ቱንቢ በጓሮ በር ወጣ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሰዓት ተሳስተን ተገናኝተን አናውቅም።

ያንን ቤት የሳልኩት እኔ ነኝ፤ የገነባው እሱ። የእማዬን ክፍል በር ሰማንያ ሳንቲ ብዬ ጻፍኩ። ልስኑና መቃኑ ከግራና ከቀኝ ስድስት ስድስት ሳንቲ በልተውት ሲያልቅ ስልሳ ስምንት! አልጋዋ አልገባ ብሎ በመጋዝ ተቆርጦ ውስጥ ተገጠመ። እሱ "ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የሠራሁት" አለ። እኔ "ወረቀት ማንበብ የማይችል ግንበኛ" አልኩ። ሰው ፊት። ከዚያ ወዲህ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

ያኔ ነገሩ ከኩርፊያ አያልፍም ነበር። ካቻምና እማዬ ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር ግን... የተገዛላት ጎማ ያለው ወንበር ወርዱ ሰባ ሁለት ሳንቲ ነው። በበሩ አያልፍም። ሳሎን ቆሟል፤ እህቴ ልብስ ታሰጣበታለች። በእጃችን ተሸክመን እንዳናወጣት ትጮኻለች፣ ያማታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ አልወጣችም።

"ይቺን በር የሚያሰፋልኝ ጠፋ?" አለች ዛሬም።

"ያጠበባት ያስፋት" አልኳት።

"እሱም እንዲህ ነው የሚለው" አለችኝ።

ጥቅምት 30

ዝናብ። መሠረቱ ውሃ ሞላ። ቱንቢ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ አየሁት። ደስ አለኝ።

ኅዳር 8

የአዳራሹን ባንኮኒ ሳልኩ። ቦርዱ የፈለገው አንድ ሜትር ከሠላሳ ከፍታ ነው፤ "ግርማ ሞገስ እንዲኖረው"። ለማን ግርማ? ቁጠባ ባንክ የሚመጣው ልብስ አጣቢ ነው፣ ጫማ ሰፊ ነው፣ ደመወዙን በመሐረብ የቋጠረ ሰው ነው። እማዬ በድሮው ባንክ መስኮት ፊት ደብተሯን በሁለት ጣቷ ይዛ ስትንጠራራ ትዝ ይለኛል። ተረከዟ ከጫማዋ ይወጣ ነበር። ጸሐፊው ደግሞ ቁልቁል እንኳ አያያትም ነበር።

አንድ ሜትር ከአምስት አድርጌ ሳልኩት። ማን ይለካዋል? አርክቴክቱ እንደሆነ ከተቀመጠበት አያየውም።

ኅዳር 22

ግንቡ ከመሬት ወጣ። ድንጋዩ ጥቁር ግራጫ ነው፣ ፊቱ በመሮ የተጠረበ፤ መጋጠሚያው ቢላ አያስገባም። ጥሩ ይገነባል። ይህን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው። ቢጠይቁኝ እክዳለሁ።

ታኅሣሥ 12

ዛሬ... እራቴን እንኳ ሳልበላ ነው የምጽፈው፤ ከደስታ።

ምድር ቤቱ ውስጥ የካዝናውን ክፍል ግንብ ጀምረዋል። ግንቡ ዘጠና ሳንቲ ውፍረት አለው፣ ዙሪያውን ድፍን፣ አንድ በር ብቻ። የብረቱ በር ከባሕር ማዶ ከነመቃኑ ተሠርቶ ይመጣል፤ ሦስት ቶን። የመቃኑ ወርድ አንድ ሜትር ከሃያ። እኔም ፕላኑ ላይ የበሩን ክፍተት አንድ ሜትር ከሃያ ብዬ ጽፌያለሁ። በእኛ ቢሮ የሚጻፈው ያለቀለት ልክ ነው፤ ልስኑ ተለስኖ፣ ሁሉ ነገር ተጠናቆ የሚቀረው ክፍተት።

ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ። ግንቡ ገና ጉልበት ላይ ነው። ከድንጋይ እስከ ድንጋይ... አንድ ሜትር ከሃያ! ራቁት ግንቡ! ልስን የት ሊገባ ነው? ሌባ እንዳይሰብረው ሽቦ የገባበት ልስን ነው፣ ከየጎኑ አምስት ሳንቲ። ተለስኖ ሲያልቅ አንድ ሜትር ከአስር ይቀራል። ያ ሦስት ቶን ብረት ደጅ ቆሞ ያፈጣል።

የእማዬ በር! ያው ስህተት! ዘጠኝ ዓመት አልተማረም! ዛሬ በአንድ ቀን ይስተካከላል፤ ሦስት ረድፍ ድንጋይ ማንሳት ነው።

እኔ ግን ምን አገባኝ? አፌን እንደ ካዝና ዘጋሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ታኅሣሥ 13

ቁርሱ ጣመኝ።

ታኅሣሥ 17

እሑድ። ለአንድ ሰው ካልነገርኩ ልፈነዳ ነው። እህቴን ጓሮ አገኘኋት፤ ታላቄ ናት፣ ምስጢር ስነግራት ነው ያደግኩት።

"እትዬ፣ ባልሽ ጉድ ሊሆን ነው።" ነገርኳት። ሽቦውን፣ ልስኑን፣ ሦስቱን ቶን።

ባልዲውን አስቀመጠች። "አንተም?" አለች።

"ምን አንተም?"

"ምንም። ሂድና ንገረው።"

"እኔ? ለእሱ?"

"በዘበኛውም ቢሆን አስነግረው!"

አልነግረውም አልኳት። አንቺም ትንፍሽ እንዳትይ፣ በእማዬ ይሁንብሽ አልኳት። "ደግሞ በእማዬ!" ብላ ሳቀች። ሳቋ አላማረኝም። ቃሏን ግን ሰጠችኝ።

ጥር 4

የካዝናው ግንብ ትከሻ ላይ ደረሰ። በየቀኑ ምክንያት ፈልጌ እወርዳለሁ። "ጌታዬ፣ ይህን በር ምነው ወደዱት?" አለኝ ዘበኛው። ጥሩ በር ነው አልኩት።

ጥር 19

ዛሬ ከበሩ በላይ ግንቡን የሚሸከመውን ብረት አነሡ። ስምንት ሰው በገመድ። ብረቱ ከተቀመጠ በኋላ ማስተካከል ቀላል እንደማይሆን አውቃለሁ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቴን ነው፤ ደርሶ ነበር።

ቱንቢ ከመወጣጫው ላይ ሆኖ ቁልቁል አየኝ። ረጅም አየኝ። የሆነ ነገር እንድል የሚጠብቅ ይመስል። ምን ያፈጣል? ከዚያ ፈገግ ያለ መሰለኝ። ምን አስደሰተው?

ፈገግታውን ሳይ ምላሴ ላይ የነበረውን መልሼ ዋጥኩት። ይነሳ ብረቱ!

የካቲት 10

አርክቴክቱ "ሕንፃው ሲመረቅ የፕላን ክፍሉ ኃላፊ አንተ ነህ" አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኳት ቃል። በዚህኛው ጊዜ የተቀመጠው ወንበር ላይ ነበር።

የካቲት 27

እሑድ። እማዬ ስለ ባንኩ አስወራችኝ። ስለ ደረጃው፣ ስለ አዳራሹ፣ ከላይ ስለሚሠራው የመስታወት ጉልላት ነገርኳት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

"ፀሐይ ይገባበታል?"

"ከላይ እስከ ታች እማዬ።"

"በሩስ? ሰፊ ነው?"

"ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል።"

"ታድለው" አለች።

ውሃ አምጣልኝ አለችና ሳመጣላት አልጠጣችውም።

መጋቢት 3

የጉልላቱ መስታወት ገባ። ብርሃኑ አዳራሹ ወለል ላይ ቢጫና ሰማያዊ ሆኖ ወደቀ። ሠራተኛው ሁሉ መሣሪያውን አስቀምጦ አንጋጠጠ። እኔም። ይህን መስመር በመስመር የሳልኩት እኔ ነኝ እኮ... ወረቀት ላይ ግን እንዲህ አይደለም። ዓይኔን ሳወርድ ቱንቢ ከወዲያኛው ጥግ አንጋጦ ቆሟል፣ አፉን ከፍቶ። እሱም ዓይኑን አወረደ። ተያየን። ሁለታችንም እንደ ሌባ ወደየፊናችን ዞርን።

መጋቢት 15

የካዝናው በር ተለሰነ። ማንም ሳያየኝ ለካሁ። አንድ ሜትር ከአስር። ቢሮ እስክደርስ ዘፈን ሆነብኝ፤ አንድ ሜትር ከአስር፣ አንድ ሜትር ከአስር።

መጋቢት 28

የብረቱ በር ከመርከብ ወርዷል የሚል ቴሌግራም መጣ። ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ነው መንገዱ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዛሬ ምግብ አልበላ አለኝ።

ሚያዝያ 11

መጣ።

ጭነት መኪናው ከጠዋት ጀምሮ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ያያል። ሊቀመንበሩ ኮፍያውን አድርጎ መጣ። ሃያ ሁለት ሰው፣ ክብ እንጨት፣ ሰንሰለት። በደረጃው ሳይሆን በጎን በተተወው መውረጃ አወረዱት። እስከ ካዝናው ክፍል ድረስ ሰባት ሰዓት ፈጀ። አንዱ ሠራተኛ ጣቱን ተቀጠቀጠ። ጮኸ። ለካ እዚህ ውስጥ ሰውም አለ... ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

በሩን ከክፍተቱ ፊት አቆሙት። ገፉት። ብረቱ ከልስኑ ጋር ተላተመ። "ትንሽ ወደ ግራ!" አለ አንዱ። ግራ የለም፣ ቀኝ የለም። አሥር ሳንቲ ነው የጎደለው።

ሊቀመንበሩ ኮፍያውን አወለቀ። አርክቴክቱ ፊቱ አመድ መሰለ።

እኔ ቱንቢን ብቻ ነበር የማየው። አራት ወር የጠበቅኳት ደቂቃ! ፊቱ ሲጠቁር፣ አንገቱን ሲደፋ ላይ... እሱ ግን እኔን ነበር የሚያየው። ዓይኑ ላይ ያለውን አወቅኩት። በመስተዋት ራሴን ያየሁ መሰለኝ።

ደስ ብሎት ነበር።

ሚያዝያ 12

አርክቴክቱ ሁለታችንን ጠርቶ ፕላኑን ዘረጋ። "ማን ነው የተሳሳተው?"

ቱንቢ ጣቱን አሳረፈ። "አንድ ሜትር ከሃያ ይላል። ግንቡ ይለካ። አንድ ሜትር ከሃያ ነው።"

"ያለቀለት አንድ ሜትር ከሃያ ነው!" አልኩ። ለአርክቴክቱ ነው ያልኩት። "ልስኑ ተለስኖ!"

"ግንበኛ የሚለካው ግንብ ነው" አለ፤ እሱም ለአርክቴክቱ። "ልስኑን ሳይደምር የጻፈ ራሱን ይጠይቅ።"

ያኔ አፌ ከዳኝ። "ገና ጉልበት ላይ እያለ እኮ ለክቼዋለሁ! በታኅሣሥ! ያን ቀን ነው ስህተቱን ያወቅኩት!"

አርክቴክቱ ቀስ ብሎ ዞረ። "በታኅሣሥ አውቀህ... ለማን ነገርክ?"



ቱንቢ ፈገግ አለ። "እኔማ ከሱም በፊት ነው ያየሁት" አለ። "የብረቱ በር ሥዕል ግንበኞች ዕቃ በምናስቀምጥበት ጎጆ ውስጥ ተሰቅሎ የለ? መቃኑ ራሱ አንድ ሜትር ከሃያ ነው። ፕላኑ ላይም ያው ቁጥር። ልስኑን እንደረሳው ያኔውኑ ገብቶኝ..."

እዚህ ላይ እሱም ቆመ። የተናገረውን ራሱ ሰማ።

አርክቴክቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። "ሃያ ሁለት ሰው ትናንት ያን ብረት ሲገፋ፣ ሁለታችሁም እንደማይገባ ታውቁ ነበር?"

ጠረጴዛው ላይ አልተቀመጠም። ቆሞ ነው ያናገረን። የቦርዱ ቁጥጥር በሳምንቱ ነው፤ እስከዚያ በሩ ካልገባ ሁለታችሁም ውጡ አለን። የጀመርነውን እንድንጨርሰው፣ ሁለታችን ብቻ። ማንም አይረዳንም።

ሚያዝያ 13

እትዬ ቢሮ ድረስ መጣች። መጥታ አታውቅም። ቁጭ በል አለችኝ፤ ተቀምጬ ነበር።

"እሱ ኀሙስ ነገረኝ" አለች። "'ወንድምሽ ልስን ረስቷል፣ ጉዱ ሊወጣ ነው' ብሎ። በእማዬ አስማለኝ። እሑድ ደግሞ አንተ መጣህ። በእማዬ አስማልከኝ። በአራት ቀን ውስጥ! አራት ወር ሁለታችሁ ደስ እያላችሁ ስትወጡ ስትገቡ እያየሁ ምግብ ሳቀርብ ኖርኩ።"

"ለምን..."

"ለምን አልተናገርሽም ልትለኝ ነው? አንተ ትለኛለህ?"

ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም፤ ዛሬም አላለቀሰችም። መሐረቧን አጥፋ ቦርሳዋ ከታ ሄደች።

አፍሬያለሁ። በእሱም ላይ አልበረደልኝም። ሁለቱ አብረው እንዴት ይሆናሉ? ይሆናሉ።

ሚያዝያ 14

ጀመርን። ልስኑን አፍርሶ ከየጎኑ አምስት ሳንቲ ድንጋይ መጥረብ ነው። ችግሩ ከላይ ያለው ብረት ነው፤ ጫፎቹ ግንቡ ውስጥ የተኙበት ልክ ካልታወቀ እላያችን ላይ ይመጣል። ልኩ ያለው እኔ ወረቀት ላይ ነው፤ መሮው ያለው እሱ እጅ ላይ።

"ብረቱ በግራ ስንት ገብቷል በልልኝ" አለ ዘበኛውን።

ዘበኛው ከተቀመጠበት ድንጋይ ተነሣ። "እኔ ተቀጥሬ የመጣሁት በር ልጠብቅ ነው" አለ። "ሲጋራ ላጭስ።" ሄደ። አልተመለሰም።

አቧራ።

"ስንት?" አለ ቱንቢ። ለድንጋዩ።

"ሃያ አምስት" አልኩ። ለወረቀቱ።

"እርግጠኛ?"

"ማንበብ እችላለሁ።"

"ወረቀትህን አልጠየቅኩህም። ብረቱን ሲያስቀምጡ ነበርክ ወይ ነው የምልህ።"

ነበርኩ። ጥር 19። ቆሜ አይቻለሁ። "ነበርኩ። ሃያ አምስት ነው።"

መሮውን ድንጋዩ ላይ ደገነና መዶሻውን አነሣ።

ሚያዝያ 15

ሁለተኛ ቀን። ቁጥር ብቻ ነው የምንነጋገረው። ሦስት። ሦስት ተኩል። ቁም። ይጠርባል፣ እለካለሁ። አንዴ "ቁም" ስል አንድ ምት ጨመረ፤ ሆን ብሎ። አንዴ እኔ ውሃ ልኩን ሳቀብለው ጣልኩት፤ እኔም ሆን ብዬ ነው። ትልልቅ ሰዎች ነን።

እጁ ይደማል። ጨርቅ ላቀብለው አሰብኩ። አላቀበልኩትም። ጨርቁን ግን ድንጋዩ ላይ ትቼው ምሳ ወጣሁ። ስመለስ ጠቅልሎበታል። አላመሰገነኝም። ቢያመሰግነኝ ምን እለው ነበር?

ሚያዝያ 16

ዛሬ እሑድ ነው፤ ሠራን። በሦስተኛ ቀን አለቀ። አንድ ሜትር ከሠላሳ ራቁቱን። ነገ ይለሰናል፤ በሩ ይገባል።

ሚያዝያ 23

እሑድ። እማዬ ትራስ ተደግፋ ጠበቀችኝ።

"የባንኩ በር ጠብቦ ነበር አሉ።"

"አዎ እማዬ።"

"አሰፋችሁት?"

"አሰፋነው።"

"ሁለታችሁ?"

"ሁለታችን።"

"በስንት ቀን?"

ማን ነገራት? እትዬ ናት። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል። "በሦስት" አልኩ።

ከዚያ በዚያ በሚያማት ዳሌዋ ቀስ ብላ፣ እያቃሰተች ወደ ግድግዳው ዞረች። እማዬ ብል፣ ብጠራት... አልመለሰችልኝም።

ሚያዝያ 30

ዛሬም አላናገረችኝም። ቱንቢንም አታናግረውም አለች እትዬ። ምግቡን ሲያስገባላት ግድግዳ ታያለች።

ግንቦት 20

የካዝናው በር በጊዜው ቢገባም የፕላን ክፍሉ ኃላፊነት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ንብ እንኳ በቅጡ መሳል አይችልም። ቱንቢንም ተቋራጩ ከዚህ በኋላ አንፈልግህም ብሎታል። እኩል ከሰርን። ዜናው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ግንቦት 28

እሑድ። አራት... አምስት... ስድስት እሑድ ሆነ። እማዬ አሁንም ፊቷን አላዞረችልኝም። ዘጠኝ ዓመት ሰው መዝጋት እንዴት ቻልኩ? እኔ ስድስት እሑድ አልቻልኩም።

ሰኔ 5

ባንኩ ዛሬ ተመረቀ። ጥሪ አልደረሰኝም፤ ቢሆንም በዚያ በኩል አለፍኩ። ሙዚቃ፣ ሪባን። መግቢያው ላይ የእብነ በረድ ሰሌዳ ተለጥፏል፤ ሊቀመንበሩ፣ የቦርዱ አባላት፣ አርክቴክቱ። የንቦቹ ስም ቢኖርበት አይገርመኝም ነበር። ሕዝቡ ሲገባ እኔም ከኋላ ገባሁ። አንዲት አጭር ሴትዮ ደብተሯን ይዛ ባንኮኒው ፊት ቆማ ነበር። ክርኗን አሳርፋበት፣ ከጸሐፊው ጋር ፊት ለፊት ታወራለች። አልተንጠራራችም። ተረከዟ ጫማዋ ውስጥ ነው። እስክትጨርስ ቆሜ አየኋት።

ከዚያ ወደ እማዬ ቤት። ሜትሬን ኪሴ ከትቼ። በፊት ለፊት በር ገባሁ። የጓሮው በር ሲከፈት አልሰማሁም።

ቱንቢ ከእማዬ በር ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጦ መሮውን ይስላል። መቃኑን ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። ሰላም አላለኝም። እኔም አላልኩትም። እትዬ ጎማ ካለው ወንበር ላይ የተሰጣውን ልብስ ትሰበስባለች፤ ቀና ብላ አላየችንም፣ እጇ ግን ፈጠነ።

"ማነው?" አለች እማዬ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ።"

"ሌላውስ?"

"እኔም አለሁ" አለ ቱንቢ።

አልጋዋ ሲንቋቋ ሰማሁ። "በሉ አቧራውን እንዳታስገቡብኝ።"

ከሚያዝያ ወዲህ ያናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። ሜትሩን ስዘረጋ ቁጥሩ አልታይ አለኝ። ዓይኔን ጠረግኩ። አቧራ ነው እንዳልል መዶሻው ገና አልተነሣም።

"ዘጠና ይሁን" አልኩ። ለግድግዳው።

ቱንቢ ተነሥቶ ሲባጎውን ወጠረ። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። ሊያሰምር ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። ዞሮ አየኝ፤ ግድግዳውን አይደለም፣ ዘበኛም በመካከላችን የለም።

"ከልስን ጋር ነው ያለ ልስን?"

እትዬ ልብሱን እንደያዘች ቆመች።

"ከልስን ጋር" አልኩት። "ከነመቃኑ። ያለቀለት ዘጠና።"

"ስድስት ስድስት ከየጎኑ። እንግዲያው ግንቡን አንድ ሜትር ከሁለት አወጣዋለሁ።"

"አንድ ሜትር ከሁለት።"

"ጻፈው። በኋላ አላልኩም እንዳትል።"

"አንተም ፈርምበት።"

ግድግዳው ላይ ጻፍኩት። ፈረመበት። ከዚያ መታ።

እስከ አሥር ሰዓት ፈጀብን። ከላይ ያለችው እንጨት ረዥም ስለነበረች አልተነካችም፤ ልስኑ ነገ ነው። እማዬን በአንሶላ አንሥተን ወንበሩ ላይ አስቀመጥናት። ጮኸችብን፣ ሁለታችንንም እኩል ሰደበችን። እትዬ ገፋቻት። ወንበሩ በበሩ ሲያልፍ በግራም በቀኝም ክፍተት ተረፈ፤ እኔና ቱንቢ ጎንበስ ብለን ስንት እንደተረፈ ስንለካ፣ እሷ ደጅ ፀሐዩ ጋ ደርሳ ነበር።